ከግራሩ አስራ አራት እርምጃ

«አስራ አራት ነው እንጂ አስራ አንድ አይደለም» አለች ሙሀባ፣ የዱቄት ቅሉን አፍ በመዳፏ እንደከደነች። «እኔ ቆሜ እያየሁ ነው የረገጠው። ከግራሩ ግንድ ተነስቶ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ፣ አስራ አራት።»

«አስራ አንድ ነው» አለ ሳልህ ከደጃፉ ሳይገባ። «ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«ቆፍረዋል፣ ማን ካደ። የለካው ግን እሱ ነው።»

«በማን እርምጃ?»

«በራሱ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ወንድሜ ቅልጥመ ረጅም ነበር። የሱ አስራ አንድ የኔ አስራ አራት ይሆናል። ባንቺ ጆሮ የገባው የኔ ቁጥር ነው።»

«አንቱ ሲረግጡ አላየሁም።»

«ያላየሽው ሁሉ አልሆነም ማለት ነው?» አለና ሳልህ አካፋውን ከትከሻው አውርዶ ተደገፈው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ግራሩስ የታለ?» ሲል ጠየቀ።

ግራሩ ከትናንት ወዲያ ተነቅሏል። የመንገድ ሥራው ካምፕ ጣሊያኖች ሰንሰለት በሥሩ አስገብተው በካሚዮን ጎተቱት፤ ግንዱ ለማገዶ ሄደ፣ የተነቀለበትም ጉድጓድ በአፈር ተደፍኖ በአካፋ ተስተካከለ። አካፋ ከያዙት ሰዎች አንዱ ራሱ ሳልህ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሩሎው ይመጣል፤ ያ ትልቅ የብረት መዳመጫ በሜዳው ላይ ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ከዚያ በኋላ የካምፑ ሰዎች ኳስ ይጫወቱበታል። ሩሎው የእህሉን ጉድጓድ አፍ የከደነችውን ሰፊ ድንጋይ ከሰበረ ሁለት ዓመት የተቀበረው ማሽላ ለፀሐይና ለሰው ዐይን ይጋለጣል። ካምፑ ደግሞ የተደበቀ እህል ሲያገኝ «ለሽፍታ የተቀመጠ ነው» ብሎ ከመውሰድ ሌላ ነገር አያውቅም።

የሙሀባ ባል ነጅሙዲን፣ የሳልህ ታናሽ ወንድም፣ ባለፈው ጥር በወባ ሞቷል። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሠራዊቱ ከሰሜን ተፈትቶ በመንገዱ ሲወርድ፣ ጣሊያን ደግሞ ከኋላው ሲከተል ነው። ያን ጊዜ የሮቢት ሰው ሁሉ እህሉን በየጓሮው ቀበረ፤ የራበው ወታደርም በየቤቱ እየገባ ወለሉን በጦር እየወጋ አወጣው። ነጅሙዲን የመረጠው ማንም የማይጠረጥረውን ቦታ ነበር፤ መሐል አውድማውን። ጉድጓዱን በገለባ አልብሶ ማሽላውን ገለበጠ፣ በድንጋይ ከደነ፣ በጭቃ መረገ፣ አፈር መለሰበት፣ በእበት ለቀለቀው። በተከታዩ ኅዳር በሬዎቹን በላዩ እየነዳ ሌላ ማሽላ ወቃበት። ቦታውን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሁለት ቀርተው እነሱም አልተስማሙም።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለ ሳልህ። «ተፈራ፣ አስተርጓሚው፣ ለካምፑ ወጥ ቤት አንዲት ሴት እንደሚፈልጉ ነግሮኛል። እስከ ነገ ካልተገኘች ከካራቆሬ ያመጣሉ። ራህመት ትግባ። ጉድጓዱን አላህ እስኪያሳየን ድረስ።»

ራህመት ከእናቷ ኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣ የበረሃ ጎመን ትለቅማለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሰሜኑ ጦርነት ሳይመለስ ሲቀር ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ ገብታለች። ስሟ ሲጠራ ቀና አላለችም። የደረቀውን ቅጠል በአንድ በኩል፣ የለመለመውን በሌላ በኩል ማኖሯን ቀጠለች።

«ከዚህ በፊት ወጥ ቤቱ የገቡት ሁለቱ ሴቶች እዚያው አድረው ቀሩ» አለች ሙሀባ። «የነዘውድነሽ ልጅ በእናቷ ደጅ ስታልፍ ቀና ብላ አታይም። የኔ ጉድጓድ ሞልቶ ተቀምጦ ልጄ የካምፕ ድስት አታጥብም።»

«ቅልሽስ ሞልቷል?»

ሙሀባ መዳፏን ከቅሉ አፍ አላነሳችም። ሳልህ አካፋውን ተሸክሞ ሄደ። ሙሀባም እንስራዋን አንስታ ገመዱን በግንባሯ አጠለቀችና ተከተለችው። ሜዳው እንዲጠጥር ውሃ ሊረጭበት ስለሆነ ከየቤቱ አንዳንድ ሴት ከሮቢ ወንዝ እንድትቀዳ ታዟል። በዚያ ሰበብ ሜዳውን እንደልቧ ልትረግጠው ትችላለች።

ሜዳው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ቤቶቹ ካለቁ በኋላ፣ የወንዙ ዳር ሳይጀምር የሚገኝ ለጥ ያለ ቦታ ነው። ስም አልነበረውም፤ «እዚያ» ከተባለ ሁሉም ያውቀው ነበር። የአስራ አንድ ቤተሰብ አውድማ ነበር፣ በተራ የሚወቃበት። ጫማ ያለው ሰው አውድማው ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል፣ የሌለውም የእግሩን አቧራ ያራግፋል። አጨዳ ሳይደርስ በፊት የአርጎባ ሸማኔዎች ከማለዳው ጀምረው ካስማ እየተከሉ ድራቸውን ከዳር እስከ ዳር ይዘረጉበት ነበር። ያን ቀን ሜዳው ነጭ ይሆናል፤ ነፋስ ሲመጣ ክሩ ሁሉ ባንድ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሩቅ ሆኖ ላየው መሬቱ የሚተነፍስ ይመስላል። ከአዳል የሚወጡ ግመለኞች ጨዋቸውን አራግፈው ያድሩበት ነበር። በዒድ ቀን ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሬሳ ለቀብር ሲወጣ ይሰገድበታል። ሙሀባ ራሷ በአስራ አራት ዓመቷ ከአጣዬ በኩል በበቅሎ ስትመጣ ሚዜዎቹ ያሳረፏት እዚያ ግራር ሥር ነው። ፊቷ በሻሽ ተሸፍኖ ስለነበር ከሜዳው ያየችው ከበቅሎዋ እግር ሥር ያለውን ብቻ ነው፤ ስብርባሪ ገለባና የጉንዳን መንገድ። ባሏን ያወቀችውም ከእግሩ ነበር። መጥቶ ከበቅሎዋ አጠገብ ቆመ፤ ቀጭን ረጅም እግር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደረቀ ጭቃ ያለበት።

አሁን በሜዳው ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ በአራቱ ማዕዘን ችካል ተተክሏል፤ ችካሎቹ መካከል ኖራ በቆርቆሮ እየተነሰነሰ ነጭ መስመር ተሰምሯል። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ቆሞ በላያቸው ሌላ ግንድ ተጋድሞባቸዋል፤ ግድግዳ የሌለው በር። የግንቦት ፀሐይ ገና በሦስት ሰዓት ከድንጋዩ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ወንዶቹ በአካፋ አፈር እየበተኑ ይቀላለዳሉ።

«ይህን ሁሉ መሬት ለምንድነው የሚያስተካክሉት?» ይላል አንዱ።

«ለኳስ ነዋ። የቆዳ ቅል ነው፣ በእግር ይመቱታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄዶ ያመጡታል።»

«እና ውሻ ቢያሳድጉ አይሻልም?»

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው ሙሳ፣ «አፈሩን በትን፣ ምላስህን ሳይሆን» አለው፤ ራሱም ሳቀ።

ሙሀባ የግራሩን ቦታ በቀላሉ አገኘችው፤ አዲሱ አፈር ከአሮጌው ይበልጥ ቀይ ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ እንስራዋን በጎኗ አዘንብላ ውሃውን በቀጭኑ እያፈሰሰች መሄድ ጀመረች። ለሚያያት ሰው ሥራዋን የምትሠራ ሴት ናት። እሷ ግን የራሷን እርምጃ አልነበረም የምትቆጥረው። ሃያ ሁለት ዓመት ከነጅሙዲን ኋላ ሄዳለች፤ ወደ ገበያ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ልቅሶ፣ ሁልጊዜ ሁለት ክንድ ርቃ። እሱ ሁለት ሲራመድ እሷ ሦስት እንደምትራመድ እግሯ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቷ አስቦበት አያውቅም። ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ፊት ለፊቷ የጀርባውን ቁመት፣ በትከሻው ላይ የተጋደመውን ዱላ፣ ከዱላው ጫፍ የተንጠለጠለውን ጋቢ አመጣችውና ተከተለችው። አካሄዱን አልቀየረም። እሱ ሁለት፣ እሷ ሦስት፤ እሱ ሁለት፣ እሷ ሦስት። የወንዶቹ ድምፅ እየራቀ፣ ሙቀቱ በጆሮዋ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ፣ እሱ ወደ ኋላ ሳያይ ይሄዳል። እንስራው አለቀ። ተመልሳ ወንዝ ወረደች፤ ሞልታ መጣች፤ እንደገና ከግራሩ ተነሳች። በሦስተኛው ምልልስ የእግሯ መዳፍ የሆነ ነገር ነገራት፤ መሬቱ ከሌላው ቦታ የላላ ይመስል ረገጣዋን መልሶ አልገፋትም። ቆመች። ያፈሰሰችውን ውሃ ወደ ኋላ ዞራ ተመለከተች። በመጣችበት ሁሉ ውሃው በጠጠረው አውድማ ላይ ተኝቶ ሰማይ ያሳያል። ከእግሯ ሥር ግን አልነበረም። መሬቱ እንደ ጠማው ሰው በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶታል።

ያን ጊዜ ደነገጠች፤ በገዛ እጇ እህሏ ላይ ውሃ እያፈሰሰች ነው። እንስራውን ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ከቆመችበትም አልተነቃነቀችም። ስንተኛው እርምጃ እንደሆነ እንኳን አልቆጠረችም፤ አስራ አንድም ይሁን አስራ አራት።

ሩሎው ከመንገዱ ወደ ሜዳው የገባው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ጭሱ ቀድሞት መጣ። ከጫፍ ጀምሮ ወደ ወንዙ ይሄድና ይመለሳል፤ ያለፈበት መሬት እንደ ተላጨ ራስ ያብረቀርቃል። ነጂው ጣሊያን ቆቡን ወደ ማጅራቱ ገፍቶ ያፏጫል። ውሃ የሚያመላልሱት ሴቶች አንድ በአንድ ዳር ወጡ። ሙሀባ አልወጣችም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ» አለ ሙሳ። «ብረት ዐይን የለውም።»

ሙሳ መጥቶ ክንዷን ያዘ፤ ፊቷን ሲያይ ለቀቃት። ሩሎው አስር ክንድ ያህል ሲቀረው ነጂው ማፏጨቱን ትቶ አቆመው። የካምፑ ጣሊያናዊ መሐንዲስ የሰሌን ባርኔጣውን እንደደፋ ከጥላው ተነስቶ መጣ፣ ተፈራም ከኋላው። ተፈራ የደብረ ሲና ሰው ነው፤ ከመጣ ጀምሮ ቆላውን ሲረግም ውሎ ያድራል፣ ዛሬም እርጥብ ሻሽ አናቱ ላይ ጣል አድርጓል።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አላት በደህና ቃል። «ያምዎታል? ፀሐይ ከሆነ ጥላ አለ። እኔም እዚህ አገር እንደ ቅቤ ልቀልጥ ነው።»

ሙሀባ አፏን ከፈተች። የምትለውን አላዘጋጀችም ነበር። ቦታውን ማግኘት እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበችውም። ሰው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ያያታል። ከመካከላቸው ሳልህ ወጣ። አካፋውን መሬት ላይ አጋድሞ፣ እጁን በልብሱ ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ መጣና ከጎኗ ቆመ። አላያትም።

«ቀብር ነው» አለ ለተፈራ።

«የማን ቀብር?»

«የትልቅ ሰው።»

«ወልይ ናቸው፣ የአላህ ወዳጅ?»

«አዎን» አለ።

«ስማቸው ማነው?»

«ስማቸው አይጠራም።»

ተፈራ ዞሮ ለመሐንዲሱ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ከሳልህ አፍ የወጣው እፍኝ የማይሞላ ቃል እንዴት ያን ያህል ንግግር እንደሆነ ሳልህም ገረመው። መሐንዲሱ ባርኔጣውን አወለቀ። በዚያን ዘመን የእስላሙን መስጊድና መቃብር አክብሩ የሚል ትእዛዝ ከበላይ መጥቶለታል፤ ወረቀቱም ከድንኳኑ አለ ይባላል። ሙሀባን ከእግር እስከ ራሷ አያት፣ መሬቱን አየ፣ ከዚያ ገመድና መለኪያ አስመጣ። ችካሎቹ ተነቀሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲለካ ቆይቶ ሜዳውን ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ወንዙ ገፋው፤ የሰሜኑ ማዕዘን ከገደሉ ጋር ስለተጋጨ ያ ጫፍ ተቆርጦ ቀረ፣ መሬቱም ወደ ወንዝ ያዘነብል ስለነበር እንዳዘነበለ ተተወ። ሙሀባ ለቆመችበት ቦታ ደግሞ ድንጋይ በክብ እንዲደረደርና በቀረው ኖራ እንዲቀባ አዘዘ። ፍየል እንዳይረግጠውም ለጣሊያን ያደረ አንድ ወታደር፣ አስካሪ፣ አጠገቡ አቆመ።

ሩሎው ወደ ወንዙ በኩል ሥራውን ሲቀጥል ሙሀባ ከነጩ ድንጋይ ጥግ ተቀመጠች። ደስታው መጣባት፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ ብርድ ላይ የቆየ እጅ ሲሞቅ እንደሚያሳክከው። ድንጋዩ አልተሰበረም። ሦስት አራት ቀን ይበቃል፣ ሰዉ ይረሳዋል፤ አንድ ማለዳ ሳልህ ይከፍተዋል። አፉን ከፍቶ እስከ ረፋድ ይተወዋል፤ የታፈነው ትንፋሽ ሳይወጣ የሚገባ ሰው ይሞታልና። ከዚያ ራህመት በገመድ ትወርዳለች። የጉድጓድ ማሽላ ሽታ ለሳምንት ከፀጉር አይለቅም፤ ጎረቤት ያውቃል፤ ይወቅ። የጎረቤት ድርሻም አይጠፋም።

ቀትር ሲያልፍ ሴቶቹ ከወንዝ ተመልሰው መጡ፤ ለመሄድ ግን አልቸኮሉም። መጀመሪያ የመጣችው አሮጊቷ ፈሪሃ ናት፤ በምርኩዟ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነካካች።

«እናቴ ለዚህ ቦታ ስለት ነበራት» አለች።

«ለየትኛው ቦታ?» አለች ሙሀባ።

«ለዚሁ። ወተት ታመጣ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ግራሩ ሥር ነው ስትል እሰማለሁ። ትልቅ ሰው ተኝተውበታል ትለኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።» ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እየዋሸች አልነበረም።

ሌላይቱ በረመዳን ወር ከሜዳው ብርሃን ሲነሳ ያየ ሰው እንዳለ ተናገረች። ሙሳም ተጠግቶ፣ አካፋው እዚህ ቦታ ሲደርስ ክንዱን ይከብደው እንደነበር፣ ለማንም ሳይናገር እንደቆየ አወጋ። የከብት እረኞች ሰሙ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰሙ። አንዲቱ ወተት በቅል ይዛ መጥታ በክቡ መካከል አፈሰሰች፤ መሬቱ ወዲያው ጠጣው፣ ሴቶቹም «ተቀበሉ፣ ተቀበሉ» ተባባሉ። ሙሀባ ወተቱ የገባበትን ቦታ ትክ ብላ አየች። ሌላዋ ደግሞ ልታፈስ ስትል እጇን ያዘቻት።

«ትንሽ ይበቃል» አለቻት፤ «እሳቸው ብዙ አይወዱም።»

ሴቲቱ እጇን ሰበሰበች፤ ሙሀባን የምታይበትም ዐይን ተለወጠ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሙሀባ የቦታው ጠባቂ ሆነች። ሩሎው ፊት አላነቃንቅ ያሏት እሳቸው ናቸው፣ እግሯን የያዟት እሳቸው ናቸው ተባለ። አንዷ የልጇን ትኩሳት፣ አንዷ የባሏን መጥፋት በጆሮዋ ነገሯት። ጫት ቀረበ። ሳልህ ዱዓ እንዲያደርግ ተለመነ፤ እምቢ ሊል ፈለገ፣ ሽማግሌዎቹ ግን አንተ አይደለህም እንዴ ያወቅካቸው አሉት። እጁን ዘርግቶ ጀመረ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ፣ ሰዉም ከፍ አድርጎ አሚን አለ። ሲጨርስ ሰባት ቀን ወዳጃ፣ የጫትና የዱዓ ስብሰባ፣ እንዲሆን፣ ከዚያም በየሐሙሱ እንዲቀጥል ተወሰነ።

ሙሀባ ሳልህ ውሃ ሊጠጣ ከሰዉ ነጠል ሲል ተከተለችው።

«ጋሼ» አለችው በሹክሹክታ። «መቼ ነው የምንከፍተው?»

ሳልህ ቅሉን ከአፉ አውርዶ ራቅ ያለ ነገር እንደሚያይ ወደ ተራራው ተመለከተ።

«ምኑን?»

«ኧረ ጋሼ።»

«ቀብር አይከፈትም፣ ሙሀባ» አለ።

ውሃው በጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ሰው ፊት ነው። ሙሀባ ወደ ኋላዋ ዞራ አየች፤ አስካሪውን ከነጠመንጃው፣ ነጩን ክብ፣ ፈሪሃ ግንባሯን በድንጋዩ ላይ አስደግፋ ስታለቅስ። እውነቱን ብትናገር እህሉ ለካምፑ፣ የሳልህ ጀርባ ለጅራፍ ነው። ሰዉስ? የተናገረችውን የሚያምናት ማን ነው? ራህመት እንስራዋን እንዳዘለች ከሁለቱ ጥቂት ራቅ ብላ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላወቁም። ሴቶቹ «ሙሀባ፣ ነይ፣ ያለአንቺ አይሆንም» እያሉ ተጣሩ፤ ሄደች፣ በመካከላቸው አስቀመጧት።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ በረደ፤ ከተራራው በኩል ነፋስ ወረደ። የካምፑ ጣሊያኖች እጀ ጉርድ ለብሰው፣ ነጭ እግራቸውን እያሳዩ ከመንገዱ ወደ ሜዳው መጡ። ሰዉ ከዱዓው ግማሹ ተነስቶ በኖራው መስመር ዳር ተሰለፈ፤ አስካሪውም ጠመንጃውን አንግቶ ጥቂት ጠጋ አለ። ኳሱን መሐል አስቀመጡት። ከዚያ አንዱ መታው፣ ኳሱም እርጥቡ መሬት ላይ አንድ ጊዜ ነጥሮ ከፍ አለ፤ ከተራራው ጫፍ የቀረችው ፀሐይ አንድ ጎኑን አበራችውና ሰዉ ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ። አሮጊቶች ሳይቀሩ ቀና አሉ። ለአንድ አፍታ በሜዳው ላይ ያለው ሁሉ፣ ጣሊያኑም፣ አስካሪውም፣ ካቦውም፣ አንዲት ክብ ነገር መቼ ትወርድ ይሆን እያለ ጠበቀ።

ራህመት እንስራውን ከእናቷ ኋላ፣ እንዳይገለበጥ በሁለት ድንጋይ መሐል አስደግፋ አስቀመጠችው። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ በራሷ ላይ አደረገች። እናቷ በግራና በቀኝ የሁለት ሴት እጅ ይዛ አንዲት ሦስተኛ ሴት የምትነግራትን ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች፤ ራህመት ጥቂት ቆማ የማጅራቷን አጥንት አየች። ከዚያ በተሰለፈው ሰው ጀርባ፣ ሁለቱን የባሕር ዛፍ ግንዶች በስተግራ ትታ፣ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ሄደች።

ኳሱ ወርዶ በተዳፋቱ ወደ ወንዙ ተንከባለለ። ሁለት ጣሊያኖች ተከትለውት ሮጡ፣ አንዱ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ፣ ሰዉም ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ተፈራ ሻሹን አውልቆ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሳልህ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ እሱም ሳቀ። በካምፑ በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳቁ ምን እንደሆነ ለማየት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሯል። ራህመት በጀርባው በኩል አልፋ ወደ ወጥ ቤቱ ገባች።